ለማን የተሰጠ ምስክርነት? በማኅበራዊ ሚዲያ ራስን መግለጽ እንደ ታሪክ ምንጭ



ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርቡ የጥናት ዕቅዶችን ስመረምር «መረጃው ከፌስቡክ ገጾች ይሰበሰባል» የሚል ዐረፍተ ነገር ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ያጋጥመኛል። ዐረፍተ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ማን ለማን እንደ ጻፈው፣ መቼ እንደ ተጻፈ፣ ማን እንዳልጻፈ አይናገርም። በሌላ ወገን ደግሞ በየመድረኩ «ሰው ፌስቡክ ላይ ስለ ራሱ የሚለው ሁሉ ውሸት ነው፣ ለምርምር አይበጅም» የሚሉ ምሁራን አሉ። የመጀመሪያዎቹ ምንጩን ሳይጠይቁ ያምኑታል፤ የኋለኞቹ ሳይጠይቁ ይጥሉታል። ዛሬ ላስረዳ የምሻው፣ «ሰው ስለ ራሱ የሚያቀርበው መግለጫ ይታመናል ወይስ አይታመንም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎደሎ መሆኑን ነው። ሙሉው ጥያቄ «ለምን ዓይነት ጥያቄ መልስ ሲሆን ይታመናል?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለታሪክ ተመራማሪ አዲስ አይደለም። ሥራችን ከጥንት ጀምሮ ሰዎች ራሳቸውን ለማሳየት ባዘጋጁት ጽሑፍ ላይ የቆመ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ብንወስድ፣ የአለቃ ዘነብ ዜና መዋዕል ንጉሠ ነገሥቱን በአድናቆት ሲያይ፣ የአለቃ ወልደ ማርያም ጽሑፍ ግን የጭካኔያቸውን ገጽታ አጉልቶ ያሳያል። ሰውየው አንድ፣ ሥዕሉ ሁለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሁለቱንም ዜና መዋዕሎች የጣለ የታሪክ ባለሙያ የለም። ጸሐፊው የት ቆሞ፣ ማን ያነብበኛል ብሎ እንደ ጻፈ መርምረን በሁለቱም እንጠቀማለን።

ከዜና መዋዕሉ ይልቅ ለዛሬው ርእሳችን የሚቀርበው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ነው። በዚያ ደብዳቤ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ያቀረቡት እግዚአብሔር ከዝቅታ አንሥቶ ያነገሠው፣ ቱርኮችን የሚታገል ክርስቲያን ንጉሥ አድርገው ነው። ደብዳቤውን ስለ መንግሥቱ ይዞታ እንደሚናገር መረጃ ብንወስደው እንሳሳታለን፤ በዚያ ወቅት ጎጃም በተድላ ጓሉ እጅ ነበር፣ በሌሎችም አውራጃዎች ዓመፅ ነበር። ጥያቄያችን «አንድ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ በአውሮፓ ንግሥት ዘንድ ምን ያስከብረኛል ብሎ ያምን ነበር?» የሚል ሲሆን ግን ከዚህ ደብዳቤ የሚበልጥ ምንጭ ማግኘት ይከብዳል። ስለ ራስ የሚሰጥ መግለጫ ከሁሉ በፊት የሚመሰክረው ተናጋሪው በአድማጩ ላይ ስላለው ግምት ነው። ግምቱ ደግሞ ሊስት ይችላል፤ ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው መቅረቱና ነገሩ በመጨረሻ ወደ መቅደላ ማምራቱ የታወቀ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ም በዚሁ መንገድ ይነበባል። መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ በስደት ዘመን መዘጋጀቱን የማያውቅ አንባቢ፣ የሕጋዊ ሥልጣንና የተሐድሶ ጉዳይ ለምን ያን ያህል ስፍራ እንደ ተሰጠው አይገባውም። ዙፋኑን በወራሪ የተነጠቀ ንጉሥ ለዓለም ፊት የሚናገረው፣ በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ለመኳንንቱ ከሚናገረው ይለያል።

ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ማርክ ብሎክ፣ በናዚዎች እጅ ከተገደለ ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 በታተመው ስለ ታሪክ ሙያ በጻፈው መጽሐፉ፣ ምስክሮችን በሁለት ከፍሏቸዋል፤ አስበው የሚመሰክሩና ሳያስቡት የሚመሰክሩ። የመጀመሪያዎቹ ለእኛ ወይም ለዘመነኞቻቸው እንዲታይ የፈለጉትን ይነግሩናል። ሁለተኞቹ ሌላ ጉዳይ ሲፈጽሙ ያመለጣቸውን ፍንጭ ይተዉልናል። የዚህን ልዩነት ጥቅም በአገራችን ታሪክ በግልጽ ካሳዩት አንዱ ዶናልድ ክራሚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ስለ ርስትና ጉልት በሚያትተው መጽሐፋቸው፣ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉ የስጦታና የሽያጭ መዝገቦችን ተጠቅመዋል። የመዝገቡ ጸሐፊ ዓላማ ባለመሬቱን ከክርክር ማዳን ነበር። ስለ ሴቶች የመሬት ባለቤትነት፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ቤተሰብ ዝምድና ለመመስከር አልተነሣም፤ ግን መሰከረ።

ይህን መሣሪያ ይዘን ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ እንመለስ። አንድ ተመራቂ ካባውን ለብሶ፣ ወላጆቹን ግራና ቀኝ አቁሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ገጹ ላይ ሲለጥፍ፣ አስቦ የሚሰጠው ምስክርነት የድልና የምስጋና ነው። በፎቶግራፉ ጥግ የተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ግን በዚያ ሰፈር ውኃ በቧንቧ በመደበኛነት እንደማይመጣ ሳያስቡት ይመሰክራሉ። የመጀመሪያው ምስክርነት ማኅበረሰቡ ምን እንደሚያከብር ይነግረናል፤ ሁለተኛው እንዴት እንደሚኖር። ስሕተት የሚፈጠረው አንዱን በሌላው ቦታ ስንተካ፣ ማለትም ከፈገግታው ብዛት ስለ ሕዝቡ ደስታ ድምዳሜ ላይ ስንደርስ ነው።

«ታዲያ ፈገግታው ውሸት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥናቶቹ ይህን ያህል ቀላል መልስ አይሰጡም። ካታሊና ቶማ፣ ጄፍሪ ሃንኮክና ኒኮል ኤሊሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢንተርኔት የፍቅር ጓደኛ የሚፈልጉ 80 የኒውዮርክ ነዋሪዎችን ቁመትና ክብደት ለክተው፣ ዕድሜያቸውንም ከመታወቂያ አረጋግጠው፣ ስለ ራሳቸው ከጻፉት ጋር አነጻጸሩት። ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ቢያንስ በአንዱ ነገር ከእውነታው ተለይተው ተገኙ። ልዩነቱ ግን በአብዛኛው ጥቂት ነበር፤ የሚጽፉለት ሰው ነገ በአካል እንደሚያገኛቸው ያውቃሉና። ሚትያ ባክና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካና በጀርመን 236 የማኅበራዊ ገጽ ባለቤቶችን መርምረው፣ ገጹን ያዩ እንግዶች የሚያድርባቸው ግምት ባለገጹ ልሁን ብሎ ከሚመኘው ይልቅ ለእውነተኛው ጠባዩ እንደሚቀርብ ደረሱበት። ስለዚህ ሰው በገጹ ላይ ያሻውን ሁሉ አይፈጥርም። የሚያውቁት ሰዎች እያዩት ነውና ልጓም አለበት።

የዚህ ልጓም ስም በእኛ ቋንቋ ይሉኝታ ነው። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኧርቪንግ ጎፍማን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የሰውን የዕለት ኑሮ በቴአትር መስሎ፣ ሰው በተመልካች ፊት ሲሆንና ከመጋረጃው በስተጀርባ ሲሆን የሚያሳየው ጠባይ እንደሚለያይ አስረድቷል። በዚያ ዘመን ተመልካቾቹም የተለያዩ ነበሩ፤ በለቅሶ ቤት የምንናገረውን በመሥሪያ ቤት አንናገረውም። በፌስቡክ ላይ ግን እናት፣ አለቃ፣ የነፍስ አባት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የቀበሌ ሹምና ዋሽንግተን ያለው የአክስት ልጅ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ይሰማሉ። ተናጋሪው እጅግ ለሚያከብረው ወይም እጅግ ለሚፈራው አድማጭ እንዲስማማ አድርጎ ይናገራል። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ባማረ ሳሎን ተቀምጣ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ስትለጥፍ፣ ሶፋው የማን እንደ ሆነ አትጽፍም። ለእናቷ «አታስቢ» ማለቷ ነው። ይህን ፎቶግራፍ የስደተኞችን የኑሮ ደረጃ ለመለካት የሚጠቀም ተመራማሪ ይስታል። ስደተኛው በቤተሰቡ ፊት የተሸከመውን ኃላፊነት ለማጥናት የሚጠቀምበት ግን ከብዙ መጠይቅ የማያገኘውን ያገኛል።

እስካሁን ስለ ተናገሩት ተናገርሁ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያልተናገሩት ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ መጠይቆችን በትኖ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ ከዚያም አልፍ ላንደን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን እንደሚያሸንፍ ተነበየ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፉ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን የሰበሰበው በተለይ ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበራቸው ደግሞ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ነበሩ፤ መልስ የላኩትም ካልላኩት ይለዩ ነበር። የመልሱ ብዛት የጎደሉትን ሊተካ አልቻለም።

አሁን ይህን በራሳችን ዘመን ላይ አስቡት። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመታት ገደማ የትግራይ ሕዝብ በአብዛኛው ከኢንተርኔትና ከስልክ አገልግሎት ተቆርጦ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ስለ ጦርነቱ በትዊተርና በፌስቡክ የተጻፈው እጅግ ብዙ ነው፤ በየወገኑ ዘመቻ ይካሄድ ነበር፤ ከዘማቾቹም ብዙዎቹ የሚኖሩት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ነበር። ከዚያ በፊት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቷል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንግዲህ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ የእነዚህን ዓመታት ጽሑፎች ሰብስቦ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ስሜት እንዲህ ነበር» ቢል፣ የሚለካው የማንን ስሜት ነው? ጥይት በሚጮኽበት ቦታ የነበረችው እናት በቁጥሩ ውስጥ የለችም። ከጦርነቱ የራቀው ግን አሥር ጊዜ ተቈጥሯል። ዝምታዋ የሚናገረው ነገር እንዳልነበራት ተደርጎ ሊተረጐም ይችላል። ያን ጊዜ የምንጭ ምርመራ ጉድለት የሙያ ስሕተት ከመሆን አልፎ በደል ይሆናል።

ሦስተኛው ጉዳይ የመዝገቡ ጠባቂ ነው። በብራና ላይ የተጻፈ ስም ሲፋቅ ጠባሳው ይቀራል፤ ጠባሳውም ለእኛ ምስክር ነው። ከማኅበራዊ ገጽ የተሰረዘ ጽሑፍ ግን በቀጣዩ ቀን ለሚመጣ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ አይተውም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2010 የትዊተርን ሕዝባዊ ጽሑፎች ሁሉ ለማከማቸት ተስማምቶ ነበር፤ ከ2017 መጨረሻ በኋላ ግን እየመረጠ ብቻ መሰብሰብ ጀመረ። ትዊተር በ2023 ተመራማሪዎች ጽሑፎችን በነፃ ያወርዱበት የነበረውን መንገድ ዘጋ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታም ክራውድታንግል የተባለውን መከታተያ መሣሪያ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. አቋረጠ። የዘመናችን ግምጃ ቤት ቁልፍ ያለው በንግድ ኩባንያዎች እጅ ነው። ከዚህም በላይ የትኛው ጽሑፍ ለብዙ ሰው እንዲታይ የሚወስነው የኩባንያው ቀመር በመሆኑ፣ ጎልቶ የታየው ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ የበዛ ሐሳብ ነው ማለት አይቻልም።

ተማሪዎቼ፣ በእነዚህ ምንጮች አትጠቀሙ አላልሁም። ማስታወሻ የማይጽፍ፣ በጋዜጣ የማይወጣ፣ በዜና መዋዕል ስሙ የማይነሣ ብዙ ሰው በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ቃል የሚናገረው በዚህ መድረክ ነው፤ ይህን መጣል ድኻውን ከታሪክ ደግሞ ማስወጣት ይሆናል። የምጠይቃችሁ፣ አንድን ገጽ ስትጠቅሱ ሦስት ነገሮችን አብራችሁ እንድትጽፉ ነው፤ ለማን እንደ ተባለ፣ ማን እንዳልተናገረ፣ ማን እንዳስቀረውና ማን እንደ ሰረዘው። ያልተናገሩትን ለማግኘት ደግሞ ከስልካችሁ ተነሥታችሁ መሄድ አለባችሁ፤ ወደ መቀሌ፣ ወደ ወልዲያ፣ ወደ ነቀምቴ፣ የዕድርና የደብር መዝገብ ወዳለበት፣ ያዩትን የሚያስታውሱ ሰዎች ወዳሉበት። እነዚያ ምስክሮች በሕይወት ያሉት ዛሬ ነው። ፌስቡክ ላይ የተጻፈው ምናልባት ይቈያል፤ እነርሱ ያላወሩት ግን አብሯቸው ይቀበራል።