አፍ የሌለው ማሰሮ

ወዳጆቼ፣ አፉ የተዘጋ ማሰሮ ምን ይሠራል? ውኃ አይቀዳበት፣ ወጥ አይሠራበት! ቶሺኮ ታካኤዙ ግን ስሟ የሚነሳው በእሱ ነው።

የተወለደችው በ1922 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሃዋይ ውስጥ፣ ከጃፓን ከመጡ ስደተኞች፣ 11 ልጆች ካሉበት ቤት ነው። ሸክላን የጀመረችው ለእንጀራ ብላ ነው፤ ሆኖሉሉ ውስጥ ጭቃ በቅርጽ ማውጫ እየተጫነ ዕቃ ከሚመረትበት ቤት ተቀጥራ። በኋላ ሚሺጋን፣ ክራንብሩክ ገብታ ከፊንላንዳዊቷ ማያ ግሮቴል ተማረች። በ1955 ደግሞ ጃፓን ሄዳ የሸክላ ጌቶችን አየች።

መጀመሪያ ሁለት አፍ ያላቸው ማሰሮዎች ትሠራ ነበር። እያደር አፉ ጠበበ፣ ጠበበ፣ ተዘጋ። የቀረችው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ናት፤ እሷም ባትኖር ውስጡ የታፈነው አየር ሲግል ዕቃውን ያፈነዳዋል። ከዚያ በኋላ ዙሪያው በሙሉ እንደ ሸራ ሆነላት፤ እየዞረች ቀለሙን ታፈስበታለች፣ በብሩሽ ታስኬደዋለች።

ደስ የሚለኝ ግን የውስጡ ነገር ነው። ከመዝጋቷ በፊት ትንሽ የጭቃ ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ ትጥልበታለች። ወረቀቱ ምድጃ ውስጥ ይቃጠላል፣ ፍሬዋ ትቀራለች። ዕቃውን ስትነቀንቁት ይንሿሿል። የማታዩትን ነገር ትሰማላችሁ ማለት ነው።

በ1980ዎቹ እሳተ ገሞራ ያቃጠለውን የሃዋይ ደን እያሰበች ረጃጅም፣ ግንድ የሚመስሉ ሸክላዎች አቆመች። ቅርንጫፍ የላቸውም፣ ቅጠል የላቸውም፤ ሐዘኑ ግን አለ።

«ከሸክላ ሠሪነት ወደ ቀራፂነት ከፍ አለች» ሲባል አልወደውም። የድሮ ተማሪዎቼ ይህን ክርክሬን ታውቁታላችሁ። ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባለች በኖረችበት አገር ይህ «ከፍ አለች» የሚሉት ነገር ያው የድሮው ንቀት ነው፣ ልብሱን ቀይሮ። ቶሺኮ የሻይ ጽዋ መሥራቷን አልተወችም። ቅርጹንም ያገኘችው ከማሰሮው ሸሽታ ሳይሆን እዚያው ማሰሮው ላይ ቆይታ ነው።

25 ዓመት ባስተማረችበት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ የነሐስ ደወሏ ተሰቅሏል። በሴፕቴምበር 11 ጥቃት ለሞቱ የዩኒቨርሲቲው ምሩቃን መታሰቢያ ነው። እሱም ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲመቱት ይጮኻል።