የሽንፋ ኩሬዎች

መተማ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት የ1881 ዓ.ም. ጦርነት ነው። ከዚያ እጅግ የራቀው የሕዝብ ታሪክ ግን በሽንፋ ወንዝ ዳር ተቀብሮ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የቁፋሮ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ74,000 ዓመታት ገደማ በፊት በሱማትራ የቶባ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ረቂቅ አመዱ እስከዚህ ቆላ ደርሷል። በጋው ጸና፤ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ሆነ። በዳርቻው የሰፈሩ አዳኞችም በጠበበው ውሃ የታጎረውን ዓሣ ከቀድሞው አብልጠው እየያዙ በእሳት አብስለው በሉ። አንዱ ኩሬ ሲነጥፍ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነበረባቸው። ስለዚህም ተመራማሪዎቹ፣ እንዲህ ያሉ የበጋ ወንዞች ሰውን ከአፍሪካ ያወጡ መንገዶች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። በመተማ ምድር የነገሥታት ድልና ሽንፈት ከመጻፉ አስቀድሞ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ረሃብን ድል ነሥቶ ነበር።