«ልጄ ነው» እና «እንደ ልጄ ነው»

አርሲ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ሯጭ ነው። የአሰላው ኃይሌ፣ የበቆጂዎቹ ደራርቱና ቀነኒሳ፤ አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ስለ ሩጫ አላወራችሁም። የማወራችሁ ተወልጄ ባደግሁባት በጢቾ በልጅነቴ እሰማው ስለነበረ፣ ኋላም ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ስላገኘሁት አንድ ቃል ነው። (ጢቾን የማታውቁ ትኖራላችሁና፦ አሰላ ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት የአርሲ መቀመጫ የነበረች፣ ኋላም ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር ከሦስቱ የአርሲ አውራጃዎች ለአንዱ ስሟን የሰጠች፣ ብርዷ ጋቢ የማያስጥል የደጋ ከተማ ናት።) ቃሉ ጉዲፈቻ ነው።

የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን ተማሪዎቼን «ይህን ቃል ከየት አመጣነው?» ብዬ ስጠይቅ አንዳንዶቹ «ከግዕዝ» ይሉኝ ነበር። ከኦሮምኛ ነው። «ጉዲሱ» ማሳደግ ነው፤ «ጉዲፈቹ» ደግሞ ለራስ ማሳደግ፣ አሳድጎ የራስ ማድረግ። አማርኛም ለነገሩ ባዳ አልነበረም። የጡት ልጅ የሚባል ነገር ነበረው፤ ጣት ላይ ማር ይቀባና ይጠባል፣ ባዕድ የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ፣ ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ሆነው ሳለ፣ የአማርኛው ቅጂ ይዞት የወጣው ቃል ጉዲፈቻን ነው። ኦሮምኛ በትምህርት ቤትና በፍርድ ቤት ቦታ ባልነበረው ዘመን፣ ቃሉ ዘው ብሎ የንጉሠ ነገሥቱ ሕግ ውስጥ ተቀመጠ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቤተሰብ የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረት መሆኑን ይደነግጋል። መሠረትነቱን ማን ይክዳል? «የተፈጥሮ» የምትለዋ ግን ትከነክነኛለች። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቤተሰብ የሚወለድ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ መክሮ የሚሠራውም ነገር ነበር።

ጎረቤታችን ልጅ ያልወለዱ የአርሲ ኦሮሞ ገበሬ ነበሩ። ከባለቤታቸው ዘመዶች አንድ ሕፃን ወስደው አሳደጉ። ልጁ እኩያዬ ነው፤ ከብት አብረን ጠብቀናል፣ ተደባድበናል፣ ታርቀናል። ጉዲፈቻ መሆኑ ምስጢር አልነበረም። እሱም ያውቃል፤ የወለደችውን እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል፣ እርጎ ተሸክሞ ይመለሳል። ስሙ ግን በአሳዳጊው አባት ነው የሚጠራው። ወደዚያ ቤት የገባ ቀን ሽማግሌ ተቀምጦ መርቋል፣ ሰንጋ ታርዷል፣ ጎረቤት በልቷል። እናቴም በልታ ነበርና ደጋግማ ታወራው ነበር።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲታወጅ መሬት የሚደለደለው በቤተሰብ ሆነ፤ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ። የገበሬ ማኅበሩ ስም ሲመዘግብ ሰውየው «ልጅ ስንት አለዎት?» ቢባሉ «አንድ» አሉ። «የወለዱት ነው ወይ?» ያላቸው አልነበረም።

ጣጣው የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ እሳቸው ሲሞቱ ነው። የወንድማቸው ልጅ «ደሙ የኛ አይደለም፤ ከብቱ ለእኔ ይገባል» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኛ ጎረምሶቹ አጥር ተደግፈን እንሰማለን። ያ ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በዱላው ይቆረቁራል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያሳዘነኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ከጠዋት እስከ ቀትር ብዙ ተባለ። ዝም ብለው የቆዩ አንድ አዛውንት በመጨረሻ ቀና አሉና ከሳሹን፣ «ልጁ የገባ ዕለት ከታረደው በልተሃል?» ብለው ጠየቁት። በልቷል። ያኔ ገና ልጅ ቢሆንም አባቱን ተከትሎ መጥቶ በልቷል። «እንግዲያው ምስክር ነህ» አሉት። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ከብቶቹም ልጁ ዘንድ ቀሩ።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር ይናገርና፣ አንቀጽ 183 ላይ ደግሞ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ያክላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። ሰውየው አንቀጹን ሳያዩት ሞቱ እንጂ ቤታቸው እንዲያ ነበር፤ ልጁ ሁለት ደጅ ያውቃል፣ የሚያድረው ግን አንደኛው ጋ ነው።

ቃሉ መከራ ያየው ባሕር ሲሻገር ነው። በ2002 ዓ.ም ገደማ አሜሪካውያን በአንድ ዓመት ብቻ ከኢትዮጵያ ከ2,500 በላይ ሕፃናት ወሰዱ፤ ያን ዓመት ከቻይና ቀጥለን ሁለተኛ ነበርን። ወላጅ ሲፈርም የሚሰማው ቃል ጉዲፈቻ ነው። ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ይጠይቀኛል፣ ሁለተኛ ደጅ አገኘ ብሎ ነው የሚፈርም። በተቀባዩ አገር ሕግ ግን የወለደው ቤት ዝምድና ይቆረጣል፤ የአሳዳጊዎቹ ስም የሰፈረበት አዲስ የልደት ወረቀት ይወጣል፣ የቀድሞው ይታሸጋል። ቃሉ አንድ፣ ድርጊቱ ሁለት። ነገሩን ያልተረዱ ብዙ ወላጆች ኋላ በጋዜጠኛ ፊት አልቅሰዋል። በፍቅር ያደጉ፣ አድገውም የትውልድ ቀያቸውን ፈልገው የመጡ ብዙ መሆናቸውን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ከዚህ የተወሰደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ በብርድ ሞታለች፤ አሳዳጊዎቿም በ2006 ረጅም እስራት ተፈርዶባቸዋል። እዚህም በዚያው በ2003 የሚመለከተው ሚኒስቴር የሚያየውን ማመልከቻ በቀን ወደ አምስት አወረደው፤ በመጨረሻም ጥር 2010 ዓ.ም ምክር ቤቱ የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ከለከለ።

ያኔ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። እንዲያውም «ፈረንጅ ጉዲፈቻን ምን ያውቃል?» የሚል ጽሑፍ ጀምሬ ነበር። ሁለት ገጽ ከሄድኩ በኋላ ብዕሬ ቆመ። የኛ ቤት ትዝ አለኝ።

እናቴ ጢቾ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበራት። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ከገጠር አንዲት ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ መጣች። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «እንደ ልጄ ናት» ትላለች እናቴ። ውሸቷን አልነበረም፤ አትመታትም፣ ለዓመት በዓል ልብስ ትገዛላታለች፣ ስትታመም ጤና ጣቢያ ራሷ ናት ይዛት የምትሄድ። ነገር ግን እኛ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ እሷ የምትማረው ማታ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ አቆመች። የምትበላውም እኛ በልተን ስንነሣ ነው። ስንቱ የከተማ ቤት፣ ጢቾም ሆነ አዲስ አበባ፣ እንዲህ ያለች «እንደ ልጅ» አላት! እኔ ስንት ዓመት ቋንቋ አስተምሬ ያቺን «እንደ» አላየኋትም።

እናቴ በስተርጅና አልጋ ስትይዝ እኛ ከአዲስ አበባ ብር እንልካለን። ገላዋን የምታጥባት፣ ሌሊት የምታገላብጣት እሷ ነበረች። ባል አግብታ እዚያው ጢቾ ነበር የምትኖረው፤ የራሷን ቤት ዘግታ ነው የመጣች። እናቴ ስትሞት የጮኸችው «እማዬ» ብላ ነው። ከሁላችን ይልቅ የእሷ ልቅሶ ሰው አስለቀሰ።

ከዚያ ወራሽነት ማውጣት መጣ። ምስክሮች ፍርድ ቤት ቀርበው ሟች ከአራት ልጆቻቸው በቀር ሌላ ልጅ እንደሌላቸው መሰከሩ። በሐሰት አልመሰከሩም። ለእሷ የተቀመጠ ሽማግሌ አልነበረም፤ የታረደም፣ የበላም የለም። አራታችን ቤቱ እንዲሸጥ የተስማማነው በአርባው ማግስት እዚያው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቡና የምታፈላልን እሷ ነበረች። እኔ ፈርሜ ቀና ስል ስኒውን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ስኳሩ አነሰ?» አለችኝ።

በአንድ ቤት አድገን ወንድሜ ብላኝ አታውቅም።