ጥር ሲገባ የሚከፈት ሜዳ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። የማወራችሁ ስለ ፈረስ ነው፤ ይበልጡን ግን ፈረስ ስለሚሮጥበት መሬት።

አገሩ አዊ ነው፤ ሰባት ቤት አገው የሚባለው፣ እንጅባራን ይዞ ያለው ደጋ። ዝናቡ የጠና፣ ሣሩ የለመለመ አገር ነው። እዚያ ፈረስ የባላባት ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እህል ይጭናል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ታማሚ ያደርሳል። ባለቤቱ የሞተ እንደሆነም ኮርቻው ተጭኖለት፣ ማንም ሳይቀመጥበት በለቅሶው መሐል ይሳባል። ያን ጊዜ የማያለቅስ የለም።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የቆመው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር። ዘመኑን ልብ በሉልኝ፤ በ1932 ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም። ጠላት እየገዛ ዓድዋን የሚያነሳ ማኅበር ማቆም ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ እናንተው መዝኑት። እኔ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ያ ማኅበር ዛሬም አለ። ዓመት ዓመት ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሰኛው ከየቀበሌው ይተምማል።

ቀረብ ብላችሁ እዩት። ፈረሱ ደረቱም ግንባሩም በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ ጥልፍ ተሸልሟል። ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው እርካቡን በአውራ ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ይዘዋል፤ የጥንት ፈረሰኛ እንዲህ ነበር የሚጋልበው። ጉግሱ ሲጀመር አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሺው ዘወር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ደግሞም በሙሉ ኃይሉ የሚጋልብ ፈረስ ልጓም ስለተሳበ ብቻ እዚያው ቀጥ አይልም። ማብረጃ ይፈልጋል፤ መዞሪያ ይፈልጋል። ጠባብ ቦታ ላይ ጉግስ ልጫወት ያለ ሰው ወይ ፈረሱን ይሰብራል፣ ወይ ተመልካቹን ይጨፈልቃል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሜዳ ማን ሰጠ? የሰጠ የለም። አዝመራ ተሰብስቦ እህል ጎተራ ሲገባ፣ የእገሌ ማሳ የነበረው የሁሉም ይሆናል። ከብቱ ቃርሚያውን ይግጣል፤ ፈረሰኛውም ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከደብር ወደ ደብር ድንበር ሳይቆጥር ያቋርጣል። ያልተጻፈ ሕግ ነው። ክረምት ሲመጣ ማሳው ተመልሶ ይዘጋል፤ ያኔ ማንም ጨዋ ፈረሰኛ ቡቃያ አይረግጥም።

አሁን ግን የማይታጨድ አዝመራ መጣ። ሕዝቡ ዲከረንስ የሚለው ግራር ነው። በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ አፈሩ ኮምጥጦ እህል እምቢ ያለው ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ይወርዳል። ቆርቆሮ ቤት የሠራው በዚህ ነው፣ ልጅ ያስተማረው በዚህ ነው፤ ገበሬውን ልወቅሰው አልችልም። ነገር ግን ዛፍ ጥር ነው ብሎ መንገድ አይለቅም። ማሳው በጋ ከክረምት ዝግ ሆነ። ከብቱም ፈረሱም በቀረችው የወል ግጦሽ ላይ ተጨናነቁ፤ እሷንም ከአንድ በኩል ማረሻ፣ ከሌላ በኩል የከተማ ቤት ይገፏታል። ኋላ ዲከረንሱ በሽታ ገብቶበት ብዙው ደረቀ፤ ማሳውን መልሶ ያረሰም አለ። የወል መሬት ግን አንዴ ከተሸነሸነ በበሽታ አይመለስም።

ተወስዶ የተመለሰ ሜዳ ግን አውቃለሁ። አዲስ አበባ ያለው ጃንሜዳ የፈረስ እሽቅድምድምና የጉግስ ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ሣሩ ጭቃና የጎመን ገለፈት ሆነ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ግን ገበያው ተነሣ፣ ሜዳው ተጠረገ፣ ታቦታቱም ገቡበት። የተመለሰው፣ ሜዳው የማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅ ነው።

የአዊ ፈረሰኛም ይህንኑ ማሳወቂያ ያስፈልገዋል። በአማራ ክልል የመሬት ሕግ የወል ይዞታ የታወቀ ነው፤ በወል ስም ይመዘገባል። እንግዲያው ግጦሹ ሲለካ ጉግስ የሚጫወቱበትም አብሮ ይለካ፤ ከቀበሌ ወደ በዓሉ ሜዳ የሚያወጣው የፈረስ መንገድም ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን በሚያሳልፍ ስፋት ካርታ ላይ ይግባ። ይህን የሚያስለካው የፈረሰኞቹ ማኅበር ራሱ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የትኛው ሜዳ ማብረጃ እንዳለው ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።