እግርን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ሥራ እንዴት ታወቀ?

ስለ ሰው አካል በምናስተምርበት ጊዜ ለተማሪዎቻችን አንድ ቀላል ጥያቄ ብናቀርብ ለትምህርቱ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ጥያቄው «እግራችንን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች የት ይገኛሉ?» የሚል ነው። በቋንቋችን እግር የሚለው ቃል ከጭን እስከ ጣት ያለውን ሁሉ ስለሚያጠቃልል፣ በዚህ ጽሑፍ እግር ስንል ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን ክፍል ማለታችን ነው። ብዙ ተማሪዎች «እዚያው እግሩ ላይ ናቸዋ!» ብለው ይመልሱ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በእግር ውስጥ ትናንሽ ጡንቻዎች መኖራቸው እርግጥ ቢሆንም፣ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ከጉልበት በታች በቅልጥምና በባት ላይ ያሉት ናቸው። ከእነዚህ የሚወርዱት ጅማቶች ቁርጭምጭሚትን ተሻግረው ከእግር አጥንቶች ጋር ይያያዛሉ። ጡንቻው ከላይ ሲስብ እግሩ ከታች ይንቀሳቀሳል።

ይህ ዛሬ በጥቂት መስመሮች የሚጻፍ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጡንቻ የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ 1700 ዓመት ያህል አልፏል። ለምን ይህን ያህል ዘገየ? መልሱ ለእኛ ለመምህራን ጠቃሚ ስለሆነ ታሪኩን በቅደም ተከተል እንመልከት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ2ኛው መቶ ዘመን የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን ስለ ጡንቻ ብዙ ነገር አውቆ ነበር። ጡንቻ የሚሠራው በመኮማተር እንደሆነ፣ ስለዚህም አንዱ ጡንቻ የሳበውን አካል ሌላው ከተቃራኒ ወገን መልሶ እንደሚስበው አስተምሯል። ትእዛዙ በነርቭ በኩል እንደሚደርስም በእንስሳት ላይ አሳይቷል። ነገር ግን በዘመኑ በሮም የሰው ሬሳ ከፍቶ መመርመር ስለማይፈቀድ፣ አብዛኛውን ምርምሩን ያካሄደው በጦጣ፣ በአሳማና በሌሎች እንስሳት ላይ ነበር።

የጦጣ እግር ግን ከሰው እግር ይለያል። ጦጣ በእግሯ አውራ ጣት ቅርንጫፍ ትጨብጣለች፤ ሰው በአውራ ጣቱ መሬቱን ገፍቶ ይራመዳል። በባት ውስጥ የምትገኝ አንዲት ቀጭን ጡንቻ በጦጣ ላይ ጅማቷ ተረከዝን አልፎ እስከ ውስጥ እግር ሲዘልቅ፣ በሰው ላይ ተረከዝ ጋ ይቀራል፤ እንዲያውም ይህች ጡንቻ ጨርሶ የሌላቸው ሰዎች አሉ።

የጋሌን መጻሕፍት ወደ ዓረብኛና ወደ ላቲን ተተርጉመው ከ1000 ዓመት በላይ የሕክምና ትምህርት መሠረት ሆኑ። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ሬሳ መመርመር ከተጀመረ በኋላ እንኳ መምህሩ ብዙ ጊዜ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ያነብ ነበር። ቢላዋውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። በዓይን የታየው ከተነበበው ጋር ባይስማማም የሚታመነው መጽሐፉ ነበር።

ይህን ልማድ ካፈረሱት ሰዎች አንዱ በ1514 በብራስልስ የተወለደው አንድሬያስ ቬሳሊየስ ነው። ከእሱ በፊት ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ በ1510 ገደማ የእግርን አጥንቶች፣ ጡንቻዎችና ጅማቶች እጅግ በሚያስደንቅ ጥራት ሥሎ ነበር፤ ግን ሥዕሎቹ በሕይወቱ ዘመን ስላልታተሙ ለትምህርት አልደረሱም። በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ቬሳሊየስ ቢላዋውን ራሱ ይዞ፣ ሬሳውን በተማሪዎቹ ፊት እየከፈተ አስተማረ። በ1543 በባዝል ከተማ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ጡንቻዎቹ ሽፋን በሽፋን እየተገለጡ ተሥለዋል። ጋሌን በብዙ ቦታ የጻፈው የእንስሳትን አካል እንጂ የሰውን እንዳልሆነም ገለጠ። መጽሐፉ ሲታተም ዕድሜው ገና 28 ዓመት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ስለ ኃይል ነው። የኔፕልስ ተወላጅ የሆነው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1680 እና በ1681 ታተመ። ቦሬሊ አጥንትን ድንጋይ እንደሚፈነቀልበት ዲጅኖ አድርጎ ተመለከተው። ጡንቻ የሚይዘው ከመገጣጠሚያው አጠገብ፣ ሸክሙ ያለው ግን ራቅ ብሎ ስለሆነ፣ ጡንቻው ከሸክሙ የበለጠ ኃይል ማውጣት እንዳለበት በስሌት አሳየ። ይህንን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መሞከር እንችላለን። 50 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ተረከዙን አንሥቶ በአንድ እግሩ ጣቶች ሥር ባለው ክፍል ቆመ እንበል። ከቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ እስከዚያ ክፍል 12 ሴንቲ ሜትር፣ ወደኋላ እስከ ተረከዙ ጅማት 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 50 በ12 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል 120 ይሆናል። ጅማቱ የ120 ኪሎ ሸክም ያህል ይሳባል ማለት ነው። ባታችን ለምን እንደወፈረ ከዚህ እንረዳለን።

እስከዚህ ድረስ የተመረመረው በአብዛኛው የሞተ አካል ነበር። ከሬሳ ጡንቻው የት ተነሥቶ የት እንደሚያዝ ይታያል፤ ሥራው ግን በግምት ብቻ ይታወቃል። በ1791 ጣልያናዊው ጋልቫኒ የእንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ እንደሚኮማተር የሚገልጸውን ጽሑፍ አሳተመ። ይህን መንገድ ወደ ሕያው ሰው ያደረሰው ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን ነው። ዱሼን ቆዳን ሳይቆርጥ፣ የረጠቡ የኤሌክትሪክ መያዣዎችን በቆዳው ላይ እያስቀመጠ አንዱን ጡንቻ ከሌሎቹ ለይቶ ማኮማተር ቻለ። ውጤቱንም በ1867 በታተመው መጽሐፉ አቀረበ።

ስለ እግር ያገኘው ነገር የሚያስገርም ነበር። በቅልጥም ፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ብቻውን ሲኮማተር እግሩን ወደ ላይ ያነሣል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ ያጣምመዋል። ጣቶቹን የሚዘረጋው ረጅም ጡንቻ ደግሞ እያነሣ ወደ ውጭ ያጣምመዋል። እግር ቀጥ ብሎ የሚነሣው ሁለቱ ሲተባበሩ ነው። ዱሼን ይህን ያረጋገጠው በኤሌክትሪክ ብቻ ሳይሆን አንደኛው ጡንቻ ሽባ የሆነባቸውን ሕሙማን አረማመድ በመመልከት ጭምር ነው።

የዱሼን ቃልም ቢሆን የመጨረሻ አልሆነም። የውስጥ እግርን ቅስት በማቆም ረገድ በቅልጥም ውጫዊ ጎን ላለው ረጅም ጡንቻ ታላቅ ድርሻ ሰጥቶት ነበር። በ1963 ዶክተር ጆን ባስማጂያንና ባልደረባቸው ጡንቻ ሲሠራ የሚያወጣውን ኤሌክትሪክ በመለካት፣ እግር መጠነኛ ሸክም ሲኖርበት ጡንቻዎቹ ጸጥ እንደሚሉ፣ ቅስቱን በመጀመሪያ ደረጃ የሚይዙት አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች እንደሆኑ አሳዩ። ጡንቻዎቹ የሚነሡት ሸክሙ ሲከብድና ሰው ለመራመድ መሬቱን ሲገፋ ነው። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በውስጥ እግር ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ሸክም ሲጨምር ቅስቱን ለመደገፍ እንደሚችሉ አመለከተ። ዕውቀቱ በየጊዜው እየታረመ መሄዱን ልብ ይሏል።

ይህ ሁሉ ከትምህርት ክፍል ውጭ ምን ይጠቅማል? የሥጋ ደዌ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል አጥንት የሚታከከውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ያን ጊዜ እግርን የሚያነሡት ጡንቻዎች ሥራ ያቆማሉ፤ በሽተኛው ጣቶቹን መሬት ለመሬት ይጎትታል፤ ስሜቱም ስለሚደነዝዝ መቁሰሉን አያውቅም። ሆኖም ከባት ሥር በጥልቀት የሚገኝ አንድ ጡንቻ ትእዛዝ የሚቀበለው ከሌላ ነርቭ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ይተርፋል። ሐኪሙ የዚህን ጡንቻ ጅማት ከቁርጭምጭሚቱ ውስጣዊ ጎን ፈትቶ ወደ እግሩ ላይኛው ፊት ያዛውረዋል። ቀድሞ ወደ ታችና ወደ ውስጥ ይስብ የነበረው ጡንቻ እግር ማንሣትን እንደ አዲስ ይማራል። በሥጋ ደዌ ለተጎዳ እጅና እግር እንዲህ ያለውን ጅማት የማዛወር ቀዶ ሕክምና ካስፋፉት ሐኪሞች አንዱ በህንድ አገር በቬሎር ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፖል ብራንድ ናቸው። በአዲስ አበባም በ1965 አለርት የተቋቋመው ለአፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተሐድሶና ለባለሙያዎች ሥልጠና ነው። የእያንዳንዱ ጡንቻ ሥራ ተለይቶ ባይታወቅ ኖሮ የትኛው ተዛውሮ የትኛውን እንደሚተካ ማንም ሊያውቅ ባልቻለ ነበር።

እንግዲህ ዕውቀቱ የዘገየው ሰዎች መጽሐፉን ከአካሉ ጋር ሳያመሳክሩ ለብዙ ዘመን በመቆየታቸው ነው። እኛም የጡንቻዎችን ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ብቻ ብናስሸመድድ ያንኑ ልማድ እንደግማለን። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው መሣሪያ እያንዳንዱ ተማሪ ይዞት የመጣው እግሩ ነው። ተቀምጦ እጁን በቅልጥሙ ፊት ያድርግና እግሩን ወደ ላይ ይሳብ፤ ጡንቻው ሲጠጥር ይሰማዋል። ቆሞ ተረከዙን ያንሣና ባቱን ይዳስስ። ውስጥ እግሩን ወደ ውጭ ያዙርና በውጭ በኩል ካለው የቁርጭምጭሚት አጥንት በስተኋላ የሚወጠረውን ጅማት ይፈልግ። ያገኘውን በደብተሩ ይጻፍ። መጽሐፉን ከዚያ በኋላ ገልጦ ያመሳክር።