የማሳዮች ዜማ በባሕር ማዶ

በደቡብ ኬንያና በሰሜን ታንዛኒያ የሚኖሩት ማሳዮች ሲዘፍኑ ከበሮም ክራርም አይዙም ማለት ይቻላል፤ ምቱን የሚጠብቀው ትንፋሻቸው ነው። ኦላራንያኒ የሚባለው መሪ ዜማውን ያወጣል፤ ተቀባዮቹ ከጉሮሯቸው በሚያወጡት ወፍራም ድምፅ ይመልሱለታል። ትንፋሽ ሲያወጡ አንገታቸው ወደ ፊት፣ ሲስቡ ወደ ኋላ ይላል። ሴቶቹ ትከሻቸውን በነቀነቁ ቁጥር አንገታቸው ላይ የተደራረበው ሰፊ ዶቃ ከፍ ዝቅ ይላል። አዱሙ በሚባለው የዝላይ ጭፈራ ጊዜ ወጣቶቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንድ ሁለት እየሆኑ መሐል ይገቡና ተረከዛቸው መሬት ሳይነካ ሽቅብ ይዘላሉ። ዝላዩ ከፍ ባለ መጠን የተቀባዮቹም ድምፅ ይቀጥናል። መሣሪያ ከተባለ፣ ሞራን የሚባሉት ወጣት ጦረኞች ኤውኖቶ ለተባለው ወደ ጉልምስና መሸጋገሪያ ሥርዓት ሲጠሩ የሚነፋው የአጋዘን ቀንድ አለ።

ማሳዮች በአውሮፓ ሕዝብ ፊት ከቀረቡባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ የሚያስከብር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1896 በርሊን ትሬፕቶው መናፈሻ ውስጥ በተከፈተው የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ጀርመን ከያዘቻቸው አገሮች ከመቶ በላይ ሰዎች አስመጥታ ለተመልካች አሳየች፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ከመጡት መካከል ማሳዮች ነበሩበት። ዘመኑም የጭንቅ ነበር። በኢትዮጵያ ክፉ ቀንን ያስከተለው የደስታ በሽታ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳዮችን ከብት ፈጅቷል። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዞች በ1904 እና በ1911 ውሎች ለም መሬታቸውን ወስደው ለነጭ ሰፋሪዎች ሰጡ።

ነጻነትም ወዲያው ክብር አላመጣም። የታንዛኒያ መንግሥት በ1960ዎቹ መጨረሻ ማሳዮች ባህላዊ ልብሳቸውን ጥለው ሱሪና ቀሚስ እንዲለብሱ ዘመቻ ከፈተ። በዚያው ጊዜ በኬንያ፣ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሜየርስ እርሻ ላይ፣ ያው ልብስ ቱሪስት ይስብ ነበር። እንግዶቹ የሞራኖቹን ጭፈራ ካዩ በኋላ በነጮቹ ባለቤቶች መስክ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ትርኢቱ የቅኝ ግዛት ሽታ አለው ተብሎ በ1980ዎቹ ተዘጋ፤ የሚገባው ውሳኔ ነበር።

በሌላ በኩል ስብከት ወደ ማሳይ መንደሮች ሲገባ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ተነሡ። በስዋሂሊ ክዋያ የሚባለው ይህ ማኅበር የሚስዮናውያኑን መዝሙር ብቻ ይዞ አልቀረም፤ መሪና ተቀባዩን፣ የጉሮሮውን ድምፅና ዶቃውን ወደ አምልኮው አስገባ።

ዛሬ በባሕር ማዶ የሚዞሩት ቡድኖች የሚታዩት በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤትና በበዓል መድረክ ነው። ኦሲሊጊ የተባለው የኬንያ ማሳዮች ቡድን በብሪታንያ እየዞረ ይዘፍናል፣ ስለ ኑሮው ያስረዳል፤ ገቢውም አገር ቤት ላለው ወገን ይውላል። ከበርሊኑ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ምን እንደሚዘፈንና ስለ ማሳይ ምን እንደሚነገር የሚወስኑት ዘፋኞቹ ራሳቸው ናቸው።

መድረክ ግን ያሳጥራል። ለአንድ የዕድሜ ጓድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረገውን፣ ቀናት የሚፈጀውን ኤውኖቶ የሚያጅበው ጭፈራ በአዳራሽ ውስጥ ከእናቶች እሽሩሩ ጋር በአንድ ምሽት ይታጨቃል። ተመልካቹ ዝላዩን ያያል እንጂ የወጣቶቹን ጠጉር እናቶቻቸው ሲላጩ አያይም። ሥርዓቱ በአገሩ እየሳሳ በመምጣቱ ዩኔስኮ በ2018 ሦስቱን የማሳይ ወንዶች የመሸጋገሪያ ሥርዓቶች፣ ኤንኪፓታን፣ ኤውኖቶንና ኦልንጌሸርን፣ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯቸዋል።