እህል አልወርድ ሲል ምን ሕክምና አለ?

በሮቤና በጎባ አካባቢ አንድ ሰው «እህል አልወርድ አለኝ» ሲል ቤተሰቡ የሚደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የባሌና የአርሲ ደጋ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይበት አካባቢ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ከሚታከሙት ብዙዎቹ ከዚያ የሚመጡ መሆናቸውን ሐኪሞች በጥናት ከገለጹ ቆይተዋል። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚጠጣ ትኩስ ነገርን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት መድቦታል። ቡናውን ከጀበናው እንደወረደ ፉት ለምንል ሰዎች ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

ሆኖም የመዋጥ ችግር ሁሉ ካንሰር አይደለም። የሕግ ሰው ነኝና ያለ ማስረጃ ፍርድ አይሰጥም እላለሁ። እዚህ ላይ ማስረጃው ኢንዶስኮፒ ነው፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ቧንቧውን ያሳያል፣ ለምርመራም ናሙና ይወስዳል። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻ ውኃው አልወርድ ካለና ሰውየው ከከሳ ካንሰር ይጠረጠራል። ከመነሻው ጠጣሩም ፈሳሹም እኩል የሚያስቸግር ከሆነ አካሌዚያ ሊሆን ይችላል። ይህም ከጨጓራ በላይ ያለው የቧንቧው በር አልላላ ሲል የሚመጣ ሕመም ነው።

አካሌዚያን ክኒን ብዙም አይረዳውም። በሩ በፊኛ ይለጠጣል፣ ወይም ጡንቻው በቀዶ ሕክምና ይሰነጠቃል። ይህን ቀዶ ሕክምና ጀርመናዊው ኧርነስት ሄለር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ኢኖዌ ደግሞ ከ2008 ወዲህ ደረት ሳይከፈት፣ ሆድም ሳይበሳ በኢንዶስኮፒ እንዲሠራ አድርጎታል። በረኪና ወይም አሲድ ጠጥቶ ቧንቧው የጠበበበት ሰው ደጋግሞ መለጠጥ ያስፈልገዋል።

ካንሰሩ ቀድሞ ከተገኘ ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒና ጨረር አሉ። ችግሩ ከባሌ የሚመጣው ታማሚ ወራት በጨጓራ መድኃኒት አሳልፎ፣ ከዚያም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ ጊዜው ማለፉ ነው። ውጤቱም ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለእርሱ ሳይሆን ኮሪደር ላይ ለቆመው ልጁ ነው። ሕመሙ የማን ሆነና ነው? በሕክምናው ላይ መወሰን ያለበት እርሱው ነው።

ለዘገየ ታማሚ የቀረው ስቴንት ነው፤ ይኸውም ቧንቧው ውስጥ ገብቶ የሚዘረጋ የብረት መረብ ነው። ካንሰሩን አያድንም፣ ረሀቡን ግን ያስታግሳል። በኬንያ ቦሜት የሚገኘው ቴንዌክ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ ጎባም ዘወትር ሊኖር የሚገባው ይህ ነው። ስቴንት የገባለት ሰው ሥጋና ደረቅ ዳቦ በደንብ ሳያላምጥ አይዋጥ፣ በልቶ ቶሎ አይጋደም፣ ሲተኛም ራሱን ከፍ ያድርግ።